ሂትለር የሸለመው ጄነራል የኮሚኒስት መንግስት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነ? አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት?

የለገሃር ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ ጥያቄዬ አጭር ነው ግን ከየት እንደመጣ ካልነገርኳችሁ ግራ ይገባችኋል። ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ ሲያባራ ብሔራዊ ቴአትር ጋ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ከሚዘረጋ ልጅ ስለ ስታሊንግራድ የሚያወራ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዛሁ፣ ሽፋን የለውም፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ውሃ ገብቶባቸው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፣ 400 ብሎኝ በ250 ተስማማን፣ ልጁ "ኦሪጅናል ነው ብራዘር" ይለኛል፣ ሽፋን የሌለው ኦሪጅናል ሃሃሃ።

መሃሉ ላይ አንድ ፎቶ አለ። የሮማኒያ ጄነራል ነው፣ ስሙ ሚሃይል ላስካር ይላል፣ ያ ጀርመኖች ለጀግና የሚሰጡት መስቀል አንገቱ ስር ተንጠልጥሏል። ጥቂት ገጽ አለፍ ስል ዶን ወንዝ አካባቢ ተከቦ በሩሲያ ተማረከ ይላል። እሺ፣ አለቀለት ብዬ ገለጥኩ። መጨረሻ አካባቢ ግን ከጦርነቱ በኋላ ስለመጣውና ሩሲያ ከጀርባው ስላለችበት የሮማኒያ መንግስት ሲያወራ በ1946 የመከላከያ ሚኒስትሩ ማን ነበር? ጄነራል ሚሃይል ላስካር!

ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ቡና የምንጠጣው አራት ኪሎ ነው፣ እዛ ለጓደኛዬ ሳነብለት "ሁለት ሰው ነው ባክህ፣ እዚህ አገር ስንት ተስፋዬ በቀለ አለ?" አለኝ፣ ሂትለር የሸለመውን ሰው ስታሊን እንኳን ሊያሾመው በህይወትም አይተወውም ብሎ ድርቅ አለ። ግማሽ ኪሎ ቁርጥ ተወራርደናል። የምታውቁ ፍረዱን፣ አንድ ሰው ከሆነ ደሞ እንዴት ሆኖ?

ዶን ማዶ፦

ቁርጥህን ብላ ወንድሜ፣ አንድ ሰው ነው። ረጅም ስለምጽፍ ታገሱኝ፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ላስካር የተወለደው በ1889 ቱርጉ ዢው የምትባል ከካርፓቲያን ተራሮች ግርጌ ያለች ከተማ ነው። ዛሬ ቱሪስት የሚሄድባት ብራንኩሺ የሚባለው ቀራፂ በ1938 ያቆመውን "ማለቂያ የሌለው ምሰሶ" ለማየት ነው፣ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ብረት ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱት መታሰቢያ። ላስካር ራሱ በዛ ጦርነት ወጣት መኮንን ነበር። ሁለተኛው ሲመጣ 1ኛ የተራራ ብርጌድን ያዛል።

ሮማኒያን ከሂትለር ጋር ምን አገናኛት የሚለው ካልገባህ ሰውየውም አይገባህም። በ1940 ሰኔ ላይ ሶቭየት ህብረት "ቤሳራቢያንና ሰሜን ቡኮቪናን ልቀቂ" ብላ ቀጭን ትእዛዝ ሰጥታ ወሰደቻቸው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደሞ የሂትለርና የሙሶሊኒ ሰዎች ቪየና ቁጭ ብለው ሰሜን ትራንሲልቫኒያን ቆርሰው ለሀንጋሪ ሰጡባት። በአንድ ክረምት ከሁለት ጎን ተበላች ማለት ነው። ከዛ ጄነራል አንቶኔስኩ ስልጣን ያዘና ከሁለቱ ቀማኞች ከአንዱ ጋር ሆኜ ከሌላው ላስመልስ አለ፣ በ1941 ከጀርመን ጋር ሶቭየት ላይ ዘመተ። የላስካር ብርጌድም ዘምቶ ክራይሚያ ድረስ ገባ፣ ሴቫስቶፖል ከበባ ላይ ነበረ፣ በ1942 ጥር ላይ ጀርመኖች ናይትስ ክሮስ የሚባለውን ሰጡት። መጽሐፍህ ላይ ያለው ፎቶ ከዛ በኋላ የተነሳ መሆን አለበት።

አሁን ዶን። 6ኛውን እግረኛ ክፍለ ጦር ይዞ ዶን ወንዝ ላይ ተሰለፈ። እዛ የነበረው የጄነራል ፔትሬ ዱሚትሬስኩ የሮማኒያ 3ኛ ጦር ነው፣ የያዘው መስመር ወደ 140 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ከአዲስ አበባ ተነስተህ ደብረ ብርሃንን ስታልፍ በለው። አንዳንዱ ክፍለ ጦር ብቻውን ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠብቃል፣ ከፒያሳ እስከ አቃቂ ማለት ነው፣ ያውም ሩሲያኖቹ ወንዙን ተሻግረው ሴራፊሞቪችና ክሌትስካያ ላይ እግራቸውን ተክለዋል። ዱሚትሬስኩ ከበረዶው በፊት ከዛ እንንቀላቸው ብሎ ጀርመኖቹን ለምኗል፣ አልሰሙትም፣ ሁሉም ዓይን ስታሊንግራድ ከተማ ላይ ነበር።

መሳሪያውን ብትሰማ ታዝናለህ። ፀረ ታንካቸው በአብዛኛው 37 ሚሊ ሜትር ነው፣ በፈረስ የሚጎተት፣ የቲ 34 ታንክን ፊት አይበሳውም፣ ነጥሮ ይመለሳል። ጀርመኖቹ መጨረሻ ላይ ለያንዳንዱ ክፍለ ጦር ስድስት 75 ሚሊ ሜትር መድፍ ሰጧቸው። ስድስት! ለ20 ኪሎ ሜትር!

ህዳር 19 1942 ጠዋት ጭጋግና በረዶ ነው፣ ከፊትህ ያለው ሰው አይታይህም፣ 80 ደቂቃ መድፍ ዘነበባቸው፣ ከዛ ታንክ መጣ። የሚገርመው ታሪክ ከኋላ ተጠባባቂ ሆኖ የነበረው ነው፣ ሊያድናቸው የተላከው የጀርመን 22ኛ ፓንዘር (ታንከኛ) ክፍለ ጦር ታንኮቹን ለሳምንታት አቁሞ እንዳይበርዳቸው ጭድ አልብሷቸው ነበር፣ ጭዱ ውስጥ አይጥ ገብቶ የኤሌክትሪክ ሽቦውን በልቶታል፣ ሊያስነሷቸው ሲሉ ብዙዎቹ እምቢ አሉ። ተረት አይደለም፣ እውነተኛ ነገር ነው።

በሁለት ቀን ውስጥ የአራት አምስት ክፍለ ጦር ቅሬታ ተከበበና ላስካር ጠቅልሎ ያዘው፣ "የላስካር ቡድን" የሚባለው እሱ ነው። እጅ ስጡ ተባሉ፣ እምቢ አሉ። ሰብረን እንውጣ ሲሉ ደሞ ከላይ ባላችሁበት ቁሙ ተባሉ፣ ፈቃዱ ሲመጣ ጥይቱም ምግቡም አልቋል። ጄነራል ሲዮን የተባለው ጥቂት ሺህ ሰው ይዞ ሰብሮ ወጣ፣ ጀርመኖቹ ጋ ደረሰና ወዲያው ሌላ ውጊያ ላይ ሞተ። ሩሲያኖቹ ከዛ ከበባ ውስጥ ወደ 27 ሺህ ሰው ማረክን ይላሉ፣ ላስካርም እዛው ውስጥ ነው።

ሂትለር ደሞ በናይትስ ክሮሱ ላይ የሚጨመረውን የኦክ ቅጠል ለላስካር የሸለመው ህዳር 22 ነው። ጀርመናዊ ላልሆነ ሰው ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። የተማረከውም በዛው ቀን አካባቢ ነው። ኒሻኑ ወጣ፣ ባለ ኒሻኑ ደሞ በረዶ ላይ እጁን ወደ ላይ አድርጎ ይሄዳል። በኛ ስትቆጥሩት ህዳር 13 1935 ነው፣ እዚህ ሰፈር ሁሉ ቆሻሻ አቃጥሎ ህዳርን ባጠነ ማግስት።

ሚኒስትር እንዴት ሆነ የሚለውን ማታ እጽፋለሁ፣ መብራት ሄደብኝ ስልኬ 9 ፐርሰንት ነው።

ቀጥታ መስመር፣ ለዶን ማዶ፦

ማታ ድረስ ምን አስጠበቀን፣ መልሱ ቀላል ነው፣ ካባ ገልባጭ። ትላንት ሂትለር ዛሬ ስታሊን። እነዚህን ሰዎች እዚህም አሳምረን እናውቃቸዋለን፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ሲሰግድ የኖረ ደርግ ሲመጣ አብዮት አደባባይ ላይ ግራ እጁን ሰቅሎ ሲፎክር የከረመ ስንቱን አይተናል። በጀግንነት ስም አታሽሞንሙኑት።

የለገሃር ልጅ፦

ዶን ማዶ ፈጣሪ ይስጥህ፣ ለጓደኛዬ ሊንኩን ልኬለታለሁ፣ "የአይጡን ታሪክ ፈጥሮ ነው" ብሎ መለሰልኝ ሃሃሃ፣ ተሸናፊ እንዲህ ነው።

ጋሽ መድፈኛ፦

ልጆቼ እኔ ብዙ አልጽፍም፣ ጣቴም ለዚህ ስልክ አይሆንም። በሰባዎቹ ሰሜን ግንባር መድፈኛ ነበርኩ። ስለ መድፉ የተጻፈውን ሳነብ ያየሁትን ሰው የሚያወራ መሰለኝ። ፈረስ የሚጎትተው መድፍ አንዴ ቦታ ከያዘ በቃ እዛው ነው፣ ታንክ ከጎን ሲመጣ ፈረስ ጠምደህ ዞረህ እስክትገጥም ማን ይጠብቅሃል፣ ፈረሱም ከመድፉ ድምፅ ይሸሻል። ስድስት መድፍ ለዛ ሁሉ መሬት ማለት የሰጪው ህሊና እንዲያርፍ ነው እንጂ ሊዋጉበት አይደለም።

ልጄ ቀጥታ መስመር፣ "ካባ ገልባጭ" ስትል ግን ቀስ በል። ታላቅ ወንድሜ በኦጋዴኑ ጦርነት ተማርኮ ሶማሊያ 11 ዓመት ታስሯል፣ በ1980 ነሐሴ ላይ ምርኮኛ ሲቀያየሩ ነው የመጣው። ስንለየው ጎረምሳ ነበር፣ ስናገኘው ሽማግሌ። ቤት ከገባ ከወራት በኋላም እናታችን አልጋውን ስታነጥፍ ትራሱ ስር የደረቀ እንጀራ ታገኝ ነበር፣ ቆርሶ ያስቀምጣል፣ ምንም አንለውም፣ እሷ ደረቁን አንስታ ትኩስ ታስቀምጥለታለች። ቆይቶ ተወው። እዛ እያለ ምን ፈርመህ ነበር፣ ምን ተናግረህ ነበር ብሎ የጠየቀው ሰው ቢኖር ኖሮ እኔ ራሴ በቡጢ ነበር የምለው። ምርኮኛ እዛ ውስጥ የሚያደርገውን ነገር ውጭ ያለ ሰው አይለካውም።

ቀጥታ መስመር፦

ጋሼ ይቅርታ፣ ወንድምዎን ለማለት አይደለም፣ እሳቸው ተራ ወታደር ናቸው። ይሄኛው ጄነራል ነው፣ ሚኒስትር ሆኗል፣ ልዩነት አለው።

ጋሽ መድፈኛ፦

እሱስ ልክ ነህ፣ ልዩነት አለው።

ዶን ማዶ፦

መጣሁ። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለ ፈረሱ የጻፉት እኔ ካነበብኩት ሁሉ ይበልጣል።

ቀጥታ መስመር፣ ነገሩን በቀን በቀኑ እይልኝ። ሶቭየቶች ከሮማኒያ ምርኮኞች ውስጥ ሰው መልምለው ከጎናቸው የሚዋጋ ክፍለ ጦር ያቋቋሙት በ1943 መጨረሻ ነው፣ ቱዶር ቭላዲሚሬስኩ ይባላል፣ ምልመላው ላይ አና ፓውከር የምትባል ስደተኛ ኮሚኒስት ነበረችበት። አዛዡ ላስካር አይደለም! ካምብሬያ የተባለ ኮሎኔል ነው፣ እሱም እዛው ዶን ላይ የተማረከ። ያኔ መገልበጥ ቢፈልግ ላስካር በደንብ ይፈለግ ነበር፣ የኦክ ቅጠል የተሸለመ ጄነራል ለፕሮፓጋንዳ ወርቅ ነው።

ከዛ ነሐሴ 23 1944 መጣ። የ22 ዓመቱ ንጉሥ ሚሃይ አንቶኔስኩን ቤተ መንግስት ጠርቶ አሰረው፣ ሮማኒያ በአንድ ማታ ጎን ቀየረች። የተገለበጠው አንድ ጄነራል አይደለም፣ ንጉሡም ጦሩም አገሩም ነው የተገለበጠው። ከዛ በኋላ የሮማኒያ ጦር ትራንሲልቫኒያን ለማስመለስ ከሩሲያ ጋር ሆኖ በሀንጋሪ አድርጎ ቼኮዝሎቫኪያ ድረስ ጀርመንን ወጋ፣ ሙትና ቁስለኛው ከነጠፋው ወደ 170 ሺህ ይደርሳል። ስታሊን ለንጉሡ የሰጠውን ኒሻን ታውቃለህ? የድል ኒሻን የሚባለውን፣ ዙኮቭና አይዘንሃወር የተሸለሙትን! ንጉሥ! እና ሂትለር የሸለመውን ስታሊን አይሾምም የሚለው ጓደኛችሁ እዛ ሰሞን የነበረውን ዝብርቅርቅ አላወቀውም።

ላስካር ሁለተኛውን የምርኮኞች ክፍለ ጦር የያዘው በ1945 ሚያዝያ ነው፣ አገሩ ጎን ከቀየረች ወራት አልፈው። ክፍለ ጦሩ ሆሬያ፣ ክሎሽካና ክሪሻን ይባላል፣ በ1784 ትራንሲልቫኒያ ውስጥ ባላባት ላይ በተነሱት ገበሬዎች ስም። ለውጊያ ሳይደርስ ጦርነቱ ስላለቀ አልተዋጋም። ወደ አገር ተመለሰ፣ 4ኛውን ጦር አዘዘ፣ ከ1946 ህዳር እስከ 1947 ታህሳስ ፔትሩ ግሮዛ መንግስት ውስጥ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነ። ልብ በል፣ ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ነው። ላስካርን አንስተው ኤሚል ቦድናራሽን የተኩት ታህሳስ መጨረሻ ላይ ነው፣ ቦድናራሽ ማለት በ1930ዎቹ የሮማኒያን ጦር ከድቶ ወደ ሶቭየት የኮበለለ መኮንን ነው። ከቀናት በኋላ ታህሳስ 30 ላይ ንጉሡን አስፈርመው ከዙፋን አወረዱት። እኔ ሲገባኝ ላስካር እንደ ድልድይ ነው ያገለገላቸው፣ ወታደሩ የሚያከብረው፣ ኒሻን ያለው፣ የዶን ሰው፣ ደሞ ምርኮ ስለነበር በእጃቸው ያለ። ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ አላስፈለጋቸውም። 1950 ላይ ጡረታ ወጣ፣ 1959 ላይ ሞተ።

ቀጥታ መስመር፦

ድልድይ ነው ያልከው ተመችቶኛል ግን ድልድይም ፈቅዶ ነው የሚረገጠው። በ1946 ህዳር የተደረገው ምርጫ ተጭበርብሯል፣ በዛ ምርጫ ማግስት ሹመት የሚቀበል ሰው የሚያደርገውን ያውቃል። ጓደኞቹስ ምን ሆኑ? እሱን ንገረን።

ዶን ማዶ፦

እሱ ላይ አልከራከርህም። ጓደኞቹ ብዙዎቹ ክፉኛ ነው የጠፉት። የፈረሰኛው ጦር ጄነራል ራዱ ኮርኔ በ1949 እስር ቤት ሞተ። ስታሊንግራድ ደቡብ በኩል 4ኛውን ጦር ያዘዘው ኮንስታንቲኔስኩ ክላፕስ በ1951 ታስሮ በ1955 ወጣ። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ አቭራሜስኩ ነው፣ ክራይሚያ ላይ ተራራ ጦሩን ያዘዘው። እሱ እንዳውም ከሩሲያ ጎን ሆኖ ጀርመንን እየወጋ፣ 4ኛ ጦርን እያዘዘ፣ በ1945 መጋቢት መጀመሪያ ላይ ለስብሰባ ጠርተውት ሩሲያኖቹ ራሳቸው አሰሩት። በማግስቱ የጀርመን አውሮፕላን ደብድቦ ገደለው ተባለ። አጽሙ ሀንጋሪ ተገኝቶ ክሉዥ የተቀበረው በ2000 ነው።

ጋሽ መድፈኛ፦

የአቭራሜስኩን ሳነብ ጄነራል ታሪኩ ዓይኔ ትዝ አሉኝ። ግንባር ላይ ጦር እየመሩ ከራስ ወገን በመጣ ትእዛዝ። እሳቸው ከተረሸኑ ወር ገደማ ቆይቶ አፋቤት ምን እንደሆነ የነበርን እናውቀዋለን። አዛዥ ከጦሩ ሲነጠቅ ወታደሩ ምግብ አይበላም፣ እኛ ሬዲዮ ከፍተን ዝም ብለን ነው የዋልነው።

የፕሎየሽት ተማሪ ልጅ፦

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር ግን አሁን ልግባ፣ አባቴ በደርግ ጊዜ ስኮላርሽፕ አግኝቶ ሮማኒያ ነው የተማረው (እሱ ሩማኒያ ነው የሚላት እስከዛሬ፣ ሮማኒያ ካልኩት ያርመኛል)። ፕሎየሽት ነበር፣ የነዳጅ ከተማ፣ ሂትለር ሮማኒያን የፈለጋት ለዛ ነዳጅ ነው፣ አሜሪካኖቹም በ1943 ከሊቢያ ተነስተው የደበደቡት እሱን ነው።

ይሄን ፖስት ትላንት ማታ ለአባቴ አነበብኩለት። ላስካርን በስም አያውቀውም። "ዶን" ስለው ግን ቀና አለና "ኮቱል ዶኑሉይ" አለኝ፣ የዶን መታጠፊያ ማለት ነው በነሱ። የዶርማቸው ዘበኛ ሽማግሌ ነበሩ፣ ግራ እግራቸው ላይ ጣት የላቸውም፣ ብርድ በልቶታል፣ ጫማ ሲያደርጉ ጫፉን በጋዜጣ ይሞሉታል። ሐበሾቹ ተማሪዎች ቅዳሜ ማታ ሰብሰብ ሲሉ ሽማግሌው ጹይካ (ከፕለም የሚወጣ አረቄ ነው፣ አባቴ ከኛ ካቲካላ ጋር ወንድማማች ነው ይላል) ይዘው ይመጡና የማሽላ አይደለም የበቆሎ ገንፎ፣ ማማሊጋ፣ አብረው ይበሉ ነበር። ስለ ጦርነቱ ሲጠይቋቸው "ከጀርመን ጋር ስንዋጋ" ብለው የ1944ቱን ብቻ ነው የሚያወሩት፣ በጊዜው የሚፈቀደው እሱ ነበር፣ ከሩሲያ ጋር የተዋጉበት እንዳልነበረ ነው። አንድ ማታ ብቻ፣ ጹይካው በዝቶ፣ "ኮቱል ዶኑሉይ" ብለው እግራቸውን አሳዩዋቸውና ተነስተው በሩን ዘጉ፣ አባቴ ይህን ሲነግረኝ የበሩን አዘጋግ በእጁ አሳየኝ፣ ቀስ አድርጎ።

ደሞ አንድ ነገር ማንም አላነሳም። እነዚህን ጄነራሎች ጀግና እያልን ስናወራ የአይሁዶቹን ነገር ዘለልነው። በ1941 ጥቅምት ኦዴሳ ላይ የሮማኒያ ጦር ዋና መምሪያ በፈንጂ ሲፈርስ ለብቀላ ብለው በጥቂት ቀን ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር አይሁድ ጨርሰዋል። ሮማኒያ ራሷ ያቋቋመችው ኮሚሽን በ2004 ባወጣው ሪፖርት በሷ ስር በነበሩ ቦታዎች የተገደሉት ከ280 ሺህ እስከ 380 ሺህ ነው ብሏል። ያን ሁሉ ያደረገው አየር ላይ ያለ መንፈስ አይደለም፣ ጦሩና ጃንደርሙ (ወታደራዊ ፖሊሱ) ነው።

ዶን ማዶ፦

እህቴ ልክ ነሽ፣ መጀመሪያ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። የላስካር ብርጌድ ያኔ ኦዴሳ ሳይሆን ወደ ክራይሚያ መንገድ ላይ ነበር፣ ግን ያገለገለው መንግስት ያው የአንቶኔስኩ ነው። በኦዴሳው እልቂት ጄነራል ማቺች ሞት ተፈርዶበት ንጉሡ ወደ እድሜ ልክ ቀየረለት፣ በ1950 አዩድ እስር ቤት ሞተ። አንቶኔስኩ ሰኔ 1 1946 ዚላቫ እስር ቤት ተረሸነ። ላስካር ሚኒስትር የሆነው ከዛ ከስድስት ወር በኋላ ነው፣ ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን ሳያቸው እኔም አንዳንዴ ወደ ቀጥታ መስመር ሐሳብ እሄዳለሁ።

እና የሽማግሌው በር አልወጣልኝም።

ሰማንያ ደረጃ፦

ከርእስ ትንሽ ልውጣ ይቅርታ። ሮማኒያ ሲባል እኔ ትዝ የሚለኝ ቲቱሌስኩ ነው። ሰኔ 23 1928 (በኛ) ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ ንግግር ሊያደርጉ ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው ሲያፏጩ ብድግ ብሎ በፈረንሳይኛ "እነዚህን አረመኔዎች ከበር አስወጡ!" ብሎ የጮኸው የሮማኒያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነው። ሁለት ወር ሳይቆይ ንጉሥ ካሮል ከስልጣን አባረረው። ለዛ ሲባል ለሮማኒያ ሰው ትንሽ አዳላለሁ፣ ተከሰስ ካላችሁኝ እቀበላለሁ።

ሌላ፣ የካቲት 10 1947 በፈረንጅ ፓሪስ ላይ የተፈረሙት የሰላም ውሎች በአንድ ቀን ናቸው፣ ጣሊያንም ሮማኒያም። የጣሊያኑ ላይ ኢትዮጵያ ፈርማለች፣ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተወስኖልናል። ሮማኒያ ደሞ ለሶቭየት 300 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ነው የተፈረደባት። ያኔ የመከላከያ ሚኒስትሩ ይሄው ላስካር ነው። ኒሻን ከሂትለር፣ እዳው ለስታሊን።

ቀጥታ መስመር፦

የመጨረሻዋን ወደድኳት። እሺ "ካባ ገልባጭ" የሚለውን ለጊዜው አነሳለሁ፣ ለጊዜው ነው ያልኩት። ግን ጀግናም አልለውም፣ ዱሚትሬስኩ ይሻለኛል፣ ቢያንስ ቀድሞ "ይሄ መስመር አይይዝም" ብሎ ጮኋል።

ጋሽ መድፈኛ፦

እኔ ሲዮንን ነው የምመርጠው። ሰብሮ የወጣውን።

የለገሃር ልጅ፦

ወገኖች ፍርዱ ወጥቷል። ጓደኛዬ ከላይ እስከታች አነበበ፣ ቡናው ቀዘቀዘበት፣ ሁለት ጊዜ ወደ አይጡ ተመለሰ። ከዛ "አንድ ሰው መሆኑን አምኛለሁ፣ ግን አንተም አታውቀውም ነበር፣ ሰው ጠይቀህ ነው፣ ስለዚህ ግማሹን ነው የምከፍለው" አለኝ። ሩብ ኪሎ ቁርጥ ማን ይበላል በናታችሁ?

ዛሬውኑ ልወስደው ስል ደሞ ፍልሰታ ነው ለካ፣ እሱ ሁልጊዜ የማይጾም ሰውዬ ዘንድሮ ጾመኛ ሆኖ ቁጭ አለ። ነሐሴ 16 ጠዋት ቀጥረነዋል፣ ጋሽ መድፈኛ ሰፈርዎ ቅርብ ከሆነ ይምጡ፣ የርስዎን እኔ እከፍላለሁ። ተጣብቀው የነበሩትን ገጾች ደግሞ በጀበና እንፋሎት እያላቀቅኩ ነው፣ እስካሁን አራት ገጽ ወጥቷል፣ አንዱ ካርታ ነው፣ ዶን ላይ ግን ቀለሙ ፈስሶ ወንዙ የቱ ጋ እንደሆነ አይለይም።

ጋሽ መድፈኛ፦

እመጣለሁ። ካርታውን ይዘኸው ና።